ከአጥሩ ማዶ ያለው ውሻ

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ ከአዲስ አበባ፣ ከሰሚት አካባቢ የመጣ ነው። አሳጥሬ ላቅርበው።

«ሰላም ላንቺ ይሁን። የምንኖረው ኪራይ ቤት ነው። ጎረቤታችን በዕድሜ የገፉ እናት ናቸው፤ እትዬ ነው የምንላቸው። ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ልጃቸው የዛሬ ሁለት ዓመት ወደ አሜሪካ ሲሄድ ገና ያላደገ ውሻ ትቶላቸው ሄደ። ውሻው ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በሩ አጠገብ በአጭር ሰንሰለት እንደታሰረ ነው። ይኸው ክረምቱን ሙሉ ዝናብ ሲወርድበት ያድራል። ሌሊቱን ሙሉ ይጮኻል። አንገቱ ዙሪያ ፀጉሩ ረግፎ ቆስሏል፤ ጆሮው ጫፍ ላይ ዝንብ ይሰፍርበታል። እትዬ የእንጀራ ፍርፋሪ በሳህን አድርገው በረጅም እንጨት ገፋ እያደረጉ ይሰጡታል። አንዳንድ ቀን ደግሞ ጭራሽ አይሰጡትም። አንድ ሁለቴ ምግብ በአጥር ወረወርኩለት። አዩኝና ‹የሰው ውሻ ቀልቢ ማን አለሽ?› አሉኝ። ከዚያ ወዲህ እድር ላይ እንኳ ስንገናኝ ሰላም አይሉኝም። ባለቤቴ ‹ተከራይ ነን፣ አያገባንም› ይላል። ከፊት ለፊታችን ያለው ሰውዬ ‹መርዝ ጣል አድርጎ መገላገል ነው› ይላል። የሰባት ዓመት ልጄ በየቀኑ ‹እማዬ፣ ለምን አይፈቱትም?› እያለች ትጠይቀኛለች። አንድ ሌሊት ገብቼ ልፍታው ወይ ብዬ አስቤያለሁ። ምን ትመክሪኛለሽ?»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን መጀመሪያ ሳነበው እትዬ ላይ ተናደድኩ። አልዋሽሽም። ደግሜ ሳነበው ግን አንድ መስመር ላይ ቆምኩ። «በረጅም እንጨት ገፋ እያደረጉ ይሰጡታል» ብለሻል። እስቲ እሱን አብረን እንየው። ሰው ሳህን በእንጨት የሚገፋው መቼ ነው? ሲፈራ ነው። እትዬ ውሻውን ይፈሩታል። ልጃቸው ሲሄድ ትንሽ ነበር፤ አሁን ግን የሁለት ዓመት ሙሉ ውሻ ሆኗል። ጉልበቱ ከሳቸው ይበልጣል። ፈትተው መልሰው ማሰር አይችሉም። አንገቱን ቀረብ ብለው ማየት አይችሉም። ምናልባት ቁስሉን ጭራሽ አላዩትም። አንቺ ከአጥሩ ማዶ ሆነሽ የምታዪውን እሳቸው በሁለት ሜትር ርቀት ላይ ቆመው ላያዩት ይችላሉ። ዓይናቸውም እንደ ዓይንሽ አይደለም።

ተሳስቼ ሊሆን ይችላል። ግን ትክክል ከሆንኩ፣ ያለሽ ችግር ጨካኝ ጎረቤት አይደለም። አቅማቸው የማይችለውን ነገር የተሸከሙ፣ «አልቻልኩም» ለማለት ደግሞ ያፈሩ አሮጊት ናቸው። ይህ ከሆነ መንገዱ ሌላ ነው።

ይህን የምልሽ ከቤቴ ስለማውቀው ነው። ልጅ ሆኜ እኛም ቤት ውሻ ነበር። ቡችላ እያለ አባቴ አንገቱ ላይ ጠፍር አሰረለት። ውሻው አደገ፤ ጠፍሩ ግን አላደገም። ማንም ልብ አላለም። ፀጉሩ ሸፍኖት ነበር። እንደልማዱ በሩ ላይ ታስሮ ይውላል፣ እኛም እንደልማዳችን ሳህኑን አስቀምጠንለት እናልፋለን። አንድ ቀን ሽታ ሸተተን። አባቴ ጎንበስ ብሎ ፀጉሩን ገለጥ ሲያደርገው ጠፍሩ ሥጋው ውስጥ ገብቷል። አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም። በመቀስ ሲቆርጥለት እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ እንባውም ይወርድ ነበር። እኔም በየቀኑ በዚያ ውሻ አጠገብ ነበር ትምህርት ቤት የምሄደው። ስለዚህ የአንቺን ደብዳቤ ሳነብ «አንገቱ ዙሪያ ቆስሏል» የሚለው ላይ ሆዴ ተላወሰ። ያ ቁስል ከዝናቡም ከረሃቡም የሚቀድም ነገር ነው። በክረምት ቁስል ቶሎ ትል ያወጣል።

አሁን ስለ ምግቡ እንነጋገር። አንቺ ምግብ የወረወርሽው ስላሳዘነሽ ነው። እትዬ ግን የሰሙት ሌላ ነገር ነው። «እርስዎ ውሻ ማብላት እንኳ አቅቶዎታል» የሚል ነው የሰሙት። በጡረታ፣ ወይም ልጅ በሚልከው ገንዘብ ብቻቸውን ለሚኖሩ ሰው ይህ ክፉኛ ያማል። የእንጀራ ዋጋ የት እንደደረሰ አንቺም ታውቂያለሽ። ‹ውሻ በበላበት ይጮኻል› ይባላል። በሌሊት በራቸውን የሚጠብቅላቸው እሱ ብቻ ነው። ጎረቤት በአጥር እየቀለበ ልቡን ወደ ሌላ ቤት ሲወስድባቸው ቢከፋቸው አይገርመኝም። ስለዚህ መጀመሪያ የምታደርጊው ነገር ይቅርታ መጠየቅ ነው። አዎ፣ አንቺ ነሽ የምትጠይቂው። ስለ ማዘንሽ አይደለም፤ ሳታስፈቅጂ ስለማድረግሽ ነው።

ከሰዓት በኋላ፣ ጎረቤት በማያይሽ ሰዓት ሂጂ። ባዶ እጅሽን አትሂጂ፤ ትኩስ ዳቦም ቢሆን ያዥ። ባለቤትሽ ካልመጣ ብቻሽን ሂጂ፣ ልጅሽን ግን ለዛሬ ቤት ተያት። ሲከፍቱልሽ ስለ ውሻው አትጀምሪ። «እትዬ፣ ባለፈው ሳላስፈቅድዎ ያደረግሁት ጥፋት ነው፤ ይቅር ይበሉኝ» በያቸው። ከዚያ ዝም በይ። ይናገሩ። ምናልባት ይቆጣሉ። ይቆጡ። ቡና ካሉሽ ቁጭ በይ፣ እስከ በረካው ጠጪ። ስለ ልጃቸው ጠይቂ። ከልጁ ወሬ ወደ ውሻው ለመድረስ ብዙ አይርቅም፤ ልጁ ነው ያመጣው። እዚያ ሲደርሱ «አያስቸግርዎትም?» ብለሽ ጠይቂ። «ለምን እንዲህ አሰሩት?» አትበያቸው። «አያስቸግርዎትም?» ነው የምትዪው። የመጀመሪያው ጥያቄ ክስ ነው፣ ሁለተኛው ግን እውነቱን ለመናገር በር ይከፍትላቸዋል። «ያስቸግረኛል እንጂ ልጄ፤ እፈራዋለሁ» ካሉሽ ነገሩ ግማሽ በግማሽ አለቀ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ «አንገቱ የቆሰለ መሰለኝ፤ የእንስሳት ሐኪም አምጥተን ብናሳየውስ?» በያቸው። «አምጥተን» ነው ያልኩሽ፤ «አምጡ» አትበያቸው። ወጪውን በሙሉ ልክፈል ብትዪ እምቢ ሊሉሽ ይችላሉ። እንካፈል በያቸው። ልጃቸው ካወቀ ደስ ብሎት ሊከፍል ይችላል። በዋትስአፕ ሲደውልላቸው እሳቸው ራሳቸው ያሳዩት፣ ይንገሩት። አንቺ ቁጥሩን ፈልገሽ ከኋላቸው እንዳትጽፊለት። እናቱን ለልጇ ከሰስሽ ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ያንን በር አይከፍቱልሽም።

ሐኪሙ እስኪመጣ ድረስ አንገቱን እንዳትነኪ፤ ልጅሽም ማንም እንዳይነካው። ሁለት ዓመት ታስሮ የኖረና ቁስሉ የሚያመው ውሻ፣ ወዳጅ ቢሆን እንኳ ይናከሳል። ቤት ድረስ የሚመጡ የእንስሳት ሐኪሞች በከተማው አሉ። የክፍለ ከተማችሁንም የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች መጠየቅ ትችላላችሁ። ዋጋውን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ሐኪሙ አፉን ያስርና፣ ካስፈለገም ማደንዘዣ ወግቶት ሰንሰለቱን ያወጣለታል። በዚያው ቀን ሦስት ነገር አብሮ እንዲሠራለት ጠይቁት፦ ቁስሉንና ጆሮውን እንዲያክም፣ የትላትል መድኃኒት እንዲሰጠው፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት እንዲከትበው። ከሐኪም ውጪ ሰዎች የሚመክሩሽን የተቃጠለ የመኪና ዘይት፣ ነጭ ጋዝ፣ በረኪና ቁስሉ ላይ አታድርጉበት። ሰፈር ውስጥ የተለመደ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ቆዳውን ያቃጥለዋል፤ ደግሞ ይልሰዋል፤ ሲልሰው ይመረዛል።

ክትባቱ ላይ ትንሽ ልቆይ። አንቺ ስለ እሱ ምንም አልጻፍሽም፤ እኔን ግን ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ እሱ ነው። ቤትሽ የሰባት ዓመት ልጅ አለች፤ ውሻውን ትወደዋለች፤ በአጥር ቀዳዳ እጇን ሳታስገባ አትቀርም። የእብድ ውሻ በሽታ ሰውን የሚይዘው ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ በውሻ ንክሻ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በበሽታው ከተጠረጠሩ እንስሳት ከሚነከሱ ሰዎች 40 በመቶው ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው ይላል። ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚያድን መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል። ከንክሻው በኋላ ምልክቱ እስኪታይ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ስለሚፈጅ፣ ክትባቱ ቶሎ ከተጀመረ ሰው ይተርፋል። ውሻ ሦስት ወር ከሞላው ጀምሮ ይከተባል፣ ከዚያም በየዓመቱ ይደገምለታል። የእትዬ ውሻ አንድም ጊዜ የተከተበ አይመስለኝም።

እግዚአብሔር አያድርገውና ማንንም ቢነክስ፣ ወዲያው ቁስሉን በብዙ ውሃና ሳሙና እጠቡት። ነካ ነካ አድርጎ መተው አይደለም፤ 15 ደቂቃ ሙሉ ነው። ከዚያ ቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ። የአዲስ አበባ ሰው በውሻ ሲነከስ «ፓስተር» የሚለው የጉለሌው የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትም አለ። ጸበል መጠመቅ ለሚፈልግ ይጠመቅ፤ ክትባቱ ግን አንድ ቀን አይዘግይ። ውሻውን ደግሞ ተናድዳችሁ እንዳትገድሉት። ታስሮ ለ10 ቀን ይታይ። ጤነኛ ሆኖ ከቆየ በሽታው በንክሻው ወደ ሰው አልተላለፈም ማለት ነው። ከተገደለ ይህንን ማወቂያ መንገድ አጣችሁ።

የፊት ለፊት ጎረቤታችሁ መርዝ ያለው ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል። በከተማችን ውሻን በመርዝ መግደል ለረጅም ጊዜ የኖረ ልማድ ነው፣ ሰውዬውም ሲናገር ከባድ ነገር የተናገረ አልመሰለው ይሆናል። በመርዝ የሚሞት ውሻ ግን ተኝቶ አይሞትም። እየተንዘፈዘፈ፣ ሁሉን እያወቀ ነው የሚሞተው። ልጅሽ ከመስኮት ታየዋለች። የተረፈውን መርዝ ያለበት ሥጋ ድመት ይበላዋል፣ የሌላ ሰው ውሻ ይበላዋል፣ ሬሳውን የሚያነሳው ጥንብ አንሳም ይሞታል። ለሰውዬው በግልጽ ንገሪው። «ይህንን ነገር እንዳትደግመው፤ ሐኪም ልናመጣ ነው፤ ጩኸቱም ይቀንሳል» በዪው። የሱም ችግር ጩኸቱ ነው፤ እሱም እንቅልፍ አጥቷል። ሌሊት የሚጮኸው ስለሚበርደው፣ ስለሚርበው፣ የሚሠራውም ስለሌለው ነው።

ሌሊት ገብቼ ልፍታው ያልሽውን ደግሞ እባክሽ ተዪው። የት ይሄዳል? መኪና አያውቅም፣ ሌሎች ውሾችን አያውቅም፣ አልተከተበም። በማግስቱ አስፋልት ላይ ተኝቶ ልታገኚው ትችያለሽ። እትዬ ደግሞ በአንድ ሌሊት ጠባቂያቸውን ያጣሉ። ማን እንደፈታው ለማወቅ ብዙ ማሰብ አያስፈልጋቸውም።

ሕክምናው ካለቀ በኋላ አኗኗሩን እንለውጥለት። ሰንሰለቱን ጨርሶ ማውጣት ባይቻል እንኳ ብዙ ማቅለል ይቻላል። ሁለት ጠንካራ ቋሚዎች ላይ፣ ወይም ከበሩ እስከ ቤቱ ጥግ፣ ወፍራም ሽቦ ወጥሩለት። ሽቦው ላይ ቀለበት ይግባና ሰንሰለቱ ከቀለበቱ ጋር ይያያዝ። ውሻው ከዳር እስከ ዳር ይሮጣል፣ ግን አይለቀቅም። ብየዳ ቤት ያለ ልጅ በግማሽ ቀን ይሠራዋል። አንገቱ ላይ ሰንሰለት አይሁን፤ ሰፋ ያለ ጠፍር ይሁን፣ ሁለት ጣት በነፃነት የሚገባበት። በየወሩም አንድ ሰው ጣቱን እያስገባ ይየው። ይህንን ስልሽ የአባቴን ውሻ እያሰብኩ ነው።

መጠለያውን ከጣውላ ሥሩለት። ከመሬት ከፍ ይበል፣ በሩ ነፋስ በማይመጣበት በኩል ይሁን። ቆርቆሮ ብቻ ከሆነ በበጋ ምጣድ ነው፣ በክረምት በረዶ ነው። ውስጡ ጭድ አድርጉለት፤ ሲረጥብ ይቀየራል። የውሃ ባልዲው እንዳይገለበጥ አሮጌ ጎማ መሃል አስቀምጡት።

ምግቡም ቢሆን ፍርፋሪ እንጀራ ብቻውን አይበቃውም። ከሥጋ ቤት ሳንባ ይገዛለት፣ ግን በደንብ ይቀቀል። ጥሬ ሳንባና ጉበት ላይ አንዳንዴ ውሃ የቋጠረ ነገር ታያላችሁ። ውሻ ያንን ጥሬውን ከበላ ሆዱ ውስጥ የኮሶ ዓይነት ትል ያድርበታል፤ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ወደ ልጆች እጅ ይደርሳል፤ በሰው ጉበትና ሳንባ ውስጥም እንደዚያው ውሃ ይቋጥራል። የዶሮ አጥንት ከተቀቀለ በኋላ እየተሰነጠቀ አንጀት ይወጋል፤ አትስጡት። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የበዛበት ወጥም ለውሻ ጥሩ አይደለም፤ ደሙን ይጎዳዋል። አንድ ነገር ልጨምር። እትዬ ጿሚ ከሆኑ በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሙሉ ከቤታቸው የሥጋ ትራፊ አይወጣም። በየዓመቱ ብዙ ውሾች በዚያ ወቅት አጥንታቸው የሚቆጠረው ለዚህ ነው። ከአሁኑ ተነጋገሩበት። ደረቅ የውሻ ምግብ ወይም እንቁላል በዚያ ሰሞን ማን እንደሚያዋጣ ይታወቅ። ምግቡን በአጥር አትወርውሪ። ለእትዬ ስጫቸው፣ በእሳቸው እጅ ይብላ። ሳህኑን በእንጨት መግፋት እንዲተዉ ውሻው ከእጃቸው ጥሩ ነገር እንደሚመጣ መልመድ አለበት።

ባለቤትሽ «አያገባንም» ያለው ነገር አልፈርድበትም። ተከራይ ሰው ጠብ ይፈራል። ግን ሌሊት የሚጮኸው ለእሱም ነው፣ ቢናከስ የሚናከሰው የእሱን ልጅ ነው። መጽሐፈ ምሳሌ ምዕራፍ 12 ላይ «ጻድቅ ለእንስሳው ነፍስ ይራራል» ይላል፤ ቤታችሁ ውስጥ አንብቡት። እትዬ በር ግን ይህንን ጥቅስ ይዘሽ አትሂጂ። ስብከት ይመስላቸዋል።

እትዬ እምቢ ቢሉሽስ? ይህም ይኖራል። አንድ ሳምንት ቆይተሽ ድገሚ። ከዚያ የሚሰሟቸውን ሰው ፈልጊ፤ የእድሩ ሰብሳቢ ወይም የንስሐ አባታቸው ሊሆኑ ይችላሉ። ለብቻቸው፣ ቀስ ብለው ያናግሯቸው፤ እድር ስብሰባ ላይ እንዳይነሳ ተጠንቀቂ። ሽማግሌው ሕጉን ቢያውቁት አይከፋም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ ከቁጥጥሩ ውጪ ቢያመልጥም እንኳ። ይህ ማስፈራሪያ እንዳይሆን። «ልጅ ቢነክስብዎት መከራው የእርስዎ ነው፤ ስለዚህ እንርዳዎት» ለማለት ነው። ይህም ካልሆነና የአንገቱ ቁስል እየባሰ ከሄደ፣ ወረዳችሁ ላይ ያለውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ አምጪ። ያኔ እትዬ ይቀየሙሽ ይሆናል። ቁስሉ ውስጥ ትል እያየሽ ግን ለሰላምታ ብለሽ ዝም አትበይ።

በተቃራኒው «ውሰጂው፣ ገላግዪኝ» ሊሉሽም ይችላሉ። በደስታ «እሺ» ከማለትሽ በፊት ቆም በይ። ተከራይ ነሽ። አከራይሽ ይፈቅዳሉ? ነገ ቤት ብትለቁ የት ታደርጊዋለሽ? ካልቻልሽ «እዚሁ ሆኖ እንርዳው» ብትዪ ይሻላል።

ደብዳቤሽን አሁን ለአራተኛ ጊዜ እያየሁት ነው። የውሻው ስም የለበትም። ሐኪሙ ሲመጣ በስሙ የሚጠራው፣ የሚያረጋጋው ሰው ያስፈልጋል። ልጅሽም ራቅ ብላ ልትጠራው ትችላለች። እትዬ ጋ ስትሄጂ፣ ቡናው ላይ፣ ልጃቸው ምን ብሎ እንዳወጣለት ጠይቂያቸው።